ውሃው ከየት መጣ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ የሚያጥለቀልቅ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ውሃ በጠፋበት ቀን ነው። ፈረቃው ያልደረሰው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው እጁን ሊታጠብ ቧንቧ ይከፍታል፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደተከፈተ ትቶት ይሄዳል። ማታ ጥበቃው የየፎቁን በር ቆልፎ ይወርዳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ መስመሩ ውስጥ የቆየው አየር እያፏጨ ይወጣና ውሃው ይከተላል። የመታጠቢያው ማፍሰሻ በሳሙና ቁራጭና በፀጉር ተደፍኖ ከሆነ ሳህኑ ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ቧንቧው በደቂቃ አሥር ሊትር ቢያወርድ፣ ሱቆች እስከሚከፈቱበት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ 3,600 ሊትር ይሆናል፤ በክብደት ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ወደ ታች ብቻ ነው። የሦስተኛ ፎቅ ጥፋት ግራውንድ ላይ ያለውን የጨርቅ ሱቅ ያገኘዋል።

ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚሆነው የታወቀ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ስልክ ይወጣል፣ የረጠበው ጣቃ ሁሉ በየማዕዘኑ ፎቶ ይነሳል። ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ የተሰበረ ነገር ካለ ለውጦ፣ አሮጌውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ የመድን ድርጅቱ ሰው ሲመጣ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ውሃው ከየት መጣ? መቼ ጀመረ? ስንት ብር ከሰራችሁ የሚለው ጥያቄ ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መመለስ ያልቻለ ባለሱቅ ሦስተኛው ላይ ምን ያህል ማስረጃ ቢደረድር ብዙም አይረዳውም። የረጠበው ዕቃ መቶ ፎቶ ተነስቶለት፣ ያረጠበው ነገር ግን አንድም ሳይነሳለት ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የመድን ውሉን ከፍቶ ማየት ነው።

ከላይ፣ ከውስጥ፣ ከታች

ለሱቅም ሆነ ለሕንፃ በብዛት የሚገዛው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ስሙ እንደሚለው ነው፤ ውሃ ስሙ ላይም ውስጡም የለም። (አንድ ነገር ግን አለ፦ እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውሃ ያበላሸው ዕቃ እንደ እሳቱ ጉዳት ይቆጠራል። ሱቃችሁ ተቃጥሎ በረጠበ ጊዜ ካሳ አለ፣ ሳይቃጠል በረጠበ ጊዜ የለም ማለት ነው።) ውሃ ወደ ውሉ የሚገባው ተጨማሪ ዐረቦን ተከፍሎ ልዩ አደጋዎች ሲታከሉ ነው። እነዚህ ደግሞ በየራሳቸው መስመር የተጻፉ ናቸው። ነፋስና ዝናብ የቀላቀለ ማዕበል አንድ ነው፤ ጎርፍ ሌላ ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የቧንቧና የመሰል ዕቃ መፈንዳት ወይም ሞልቶ መፍሰስ ደግሞ ሌላ። አንዱን ገዝቶ ሌላውን መተው ይቻላል። ብዙ ሰው የተወውን የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ የውሃው አቅጣጫ የአንቀጹን ቁጥር ይወስናል። ከላይ የመጣው የዝናብ ውሃ ጣሪያውን ነፋስ ገንጥሎት ከገባ ማዕበል ነው፤ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ወይም የቆርቆሮው ሚስማር ዝጎ ከገባ ግን የጥገና ጉድለት ይባላል፣ ጥገና ደግሞ የባለቤቱ ሥራ ነው። ከታች የመጣው፣ ነሐሴ ላይ መንገዱን ሞልቶ ቤዝመንት የሚወርደው ውሃ ጎርፍ ነው። የፍሳሽ መስመር ተደፍኖ በመጸዳጃ ቤቱ ወለል በኩል ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ ክርክር ይነሳል፤ አንዳንዱ ውል በስም ጠቅሶ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ በስም ጠቅሶ ያስወጣዋል። ከውስጥ የመጣው፣ ማለትም የሮቶው፣ የቧንቧውና የመታጠቢያው ውሃ፣ ከሦስቱ በጣም የተለመደው ይመስለኛል። ስለሱ ትንሽ ላብራራ።

በአሁኖቹ ሕንፃዎች የሚገባው ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። አይዝግም፤ ጥሩ ዕቃ ነው። የሚያያዘው ግን በማጣበቂያ ሳይሆን በሙቀት ነው። ቧንቧውና ኤልቦው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ብረት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይሞቁና አንዱ በሌላው ውስጥ ይገፋሉ። ብረቱ በቂ ሙቀት ሳይዝ ከተሠራ መገጣጠሚያው ያዘ ይመስላል እንጂ አልቀለጠም። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ፈስሶ መተላለፊያውን ያጠብባል። ሁለቱም ጥፋት ከውጭ አይታይም። ከዚያ ፈረቃው ይመጣል። ባዶ የቆየ መስመር ውሃ ሲለቀቅበት አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ከኋላ የሚመጣው ውሃ ፍጥነቱን ይዞ ከመታጠፊያዎችና ከተዘጉ ቧንቧዎች ጋር ይጋጫል። ግድግዳ ውስጥ ዱብ ዱብ ሲል የምንሰማው እሱ ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን እንዲህ የሚመታ ደካማ መገጣጠሚያ አንድ ሌሊት ይለቃል። ሃያ አራት ሰዓት ውሃ የማይቋረጥበት ከተማ ያለ ተመሳሳይ ቧንቧ ይህን ያህል ዱላ አያርፍበትም።

እዚህ ላይ ነው “መቼ ጀመረ?” የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። መድን የሚሸጠው ላልታሰበ ነገር ነው። ነገ የሚፈነዳው ቧንቧ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ የደረሰበት ያነሳል። ለስድስት ወር ሲንጠባጠብ የኖረ ቧንቧ ግን ያልታሰበ አይደለም፤ ያልታወቀው ወጪው የሚመጣበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ድንገት የፈነዳው ይሸፈናል፣ ቀስ በቀስ የሰረገው ብዙውን ጊዜ አይሸፈንም። ጉዳቱን ሊያይ የመጣው ባለሙያ ይህን የሚያነበው ከግድግዳው ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ምልክት ቀለበት በቀለበት ከሆነ ቦታው ደጋግሞ ረጥቦ ደጋግሞ ደርቋል ማለት ነው። ቀለሙ ያበጠና የተቀረፈ፣ የመደርደሪያው ቺፑድ እግሩ ላይ ፈርሶ የጠቆረ ከሆነም እንዲሁ። የተሰነጠቀው ኤልቦ ስንጥቁ ንጹሕ ከሆነ ትናንት የሆነ ነገር ነው፤ ስንጥቁ ላይ ነጭ የኖራ ዱካ ወይም የቆየ ዝቃጭ ካለ ሲያንጠባጥብ ከርሟል።

ስለዚህ የቧንቧ ሠራተኛው የሚጥለው ቁራጭ ከጣቃው ሁሉ በላይ ዋጋ አለው። ሳይነቀል፣ በቦታው እንዳለ ፎቶውን አንሱ። ሲነቀል በፌስታል አድርጉና ቀኑን፣ ፎቁን፣ የት እንደነበረ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሠራተኛውም ደረሰኙ ላይ “ቧንቧ ጥገና” ብሎ እንዳያልፍ፣ ያገኘውንና የለወጠውን በሁለት መስመር ይጻፍ። ጎርፍ ወይም ማዕበል ከሆነ ደግሞ የዕለቱን የዝናብ መጠን ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል።

የተረሳው ቧንቧስ? ቸልተኝነት አይደለም ወይ? ነው። ነገር ግን መድን ሆን ተብሎ የተደረገን ጥፋት እንጂ መርሳትን አይቀጣም፤ ቸልተኝነትን ሁሉ ካስወጣ የሚሸፍነው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ማን እንደረሳው ለመደበቅ ታሪክ መፍጠር ከመርሳቱ የባሰ ነው። ውሸት የተገኘበት የካሳ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን

ከሁሉ በፊት መብራት። ውሃ የገባበት ክፍል ውስጥ ሶኬት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ወይም ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድ ካለ፣ ብሬከሩ ሳይጠፋ አይገባም። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነም አይኬድም፤ ከቆጣሪው የሚያቋርጥ ባለሙያ ይጠራል። ከዚያ የውሃው ዋና መዝጊያ። የሕንፃው ጥበቃ መዝጊያው የት እንዳለ የማያውቅ ከሆነ (ብዙዎቹ አያውቁም፣ ማንም አላሳያቸውም) ዛሬ ከሰዓት አሳዩት። ዋናውን መስመር ዘግቶ የጣሪያውን ሮቶ መርሳትም አለ፤ 5,000 ሊትር ከላይ ተንጠልጥሎ እያለ የመንገዱ መስመር መዘጋቱ ብዙም አያድንም።

ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። የረጠበ የጂፕሰም ኮርኒስ ሻይ ውስጥ እንደቆየ ዳቦ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይለቃል። ሆዱ ወደ ታች ከወጣ ውሃ ተኝቶበታል። ገና ትንሽ ከሆነ፣ ጎን ቆሞ በረጅም ዘንግ ቀዳዳ አበጅቶ ባልዲ ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል። ብዙ ከወረደ ማንም ከሥሩ አይቁም።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት። “ሰውየው መጥቶ እስኪያይ አትንኩት” ይባላል። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። ማስረጃ ይጠበቃል፤ ውሃው ግን አይጠበቅም። የመድን ውል መድን ገቢው መድን እንደሌለው ሰው ሆኖ ጉዳቱን እንዲቀንስ ያስገድዳል። ሁለት ቀን ውሃ ላይ ለተኛ ጨርቅ የመጀመሪያውን ሰዓት ጉዳት መድን ሰጪው ይከፍላል፤ የሁለተኛው ቀን ሻጋታ ግን የእናንተ ነው ሊላችሁ ይችላል። መንገዱ እንዲህ ነው፦ በቪዲዮ ከበሩ ጀምራችሁ ዙሩ፤ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩና ሜትር አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ለመድን ድርጅቱ ደውሉ፤ ከዚያ ሳትጠብቁ ውሃውን ማውጣት ጀምሩ። የረጠበውን ከደረቁ ለዩ። የተበላሸውን ግን አትጣሉ፣ አትሽጡም፤ አንድ ጥግ ቆጥራችሁ አስቀምጡት።

ውሃውን በፈሳሽነቱ ማውጣትና በትነት ማድረቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የዋጋቸው ልዩነትም ያስደነግጣል። መቶ ካሬ ሜትር ወለል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ የቆመ ውሃ አንድ ሺህ ሊትር ነው። በፓምፕ፣ በውሃ መግፊያና በመወልወያ ጥቂት ሰዎች በጥቂት ሰዓት ያወጡታል። ይህንኑ ውሃ እንዲተን ብትተዉት ግን እያንዳንዱ ሊትር 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል፤ ባለ 2,000 ዋት ምድጃ ሃያ ደቂቃ እንደሚነድ ማለት ነው። ያ ኃይል ከአየሩ፣ ከግድግዳውና ከጊዜ ይወሰዳል። በሞፕ ያልወጣች እያንዳንዷ ሊትር በቀናት ትከፈላለች።

ቀጥሎ አየር። በበጋ አዲስ አበባ ለማድረቅ የተመቸች ከተማ ናት፤ ከፍታው፣ ፀሐዩና ደረቁ አየር ሥራውን ይሠራሉ። መስኮትና በር ከፍቶ በአንድ በኩል ማስገባት፣ በሌላው ማስወጣት ነው። በክረምት ውጪው አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሙቀት መጨመር ወይም እርጥበት የሚመጥ ማሽን ማግኘት ያስፈልጋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር ማሽከርከር ግን የባሰ ነው። ከወለሉ የተነሳው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ደረቅ የነበረው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሻጋታ ለመነሳት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። መጀመሪያ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በጠረኑ ነው።

ወለሉ ደረቀ ማለት ሕንፃው ደረቀ ማለት አይደለም። ብዙ ሕንፃዎቻችን ወለላቸው ሪብ ስላብ ነው፤ በኮንክሪት ወራጆች መሃል ክፍት ሆድ ያለው ብሎኬት ተደርድሮ ከላይ ኮንክሪት ይፈስበታል። ውሃ እነዚያ ሆዶች ውስጥ ይገባና ይቀመጣል፤ ላይኛው ፎቅ ከደረቀ ከቀናት በኋላ ታች አምፖሉ ባለበት ቀዳዳ ጠብ ጠብ ሲል ይገኛል። የብሎኬት ግድግዳም እንዲሁ ነው። ደረቅ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ ከሌለ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በስኮች ማሸግና እስከ ማግስቱ መተው ነው። ከሥሩ ጠል ከያዘ ገና ነው። ይህ ሙከራ ፎቶ ቢነሳ ለካሳውም ይጠቅማል።

ስለ ውሃው ንጽሕናም አንድ ነገር። የአሜሪካ የጽዳትና የማድረቅ ባለሙያዎች መስፈርት ውሃን በሦስት ይከፍላል፦ ከንጹሕ መስመር የወጣ፣ ከመታጠቢያና ከማጠቢያ የወጣ፣ ከፍሳሽ ወይም ከጎርፍ የመጣ። ጥቅሙ ለመጣልና ላለመጣል መለኪያ መስጠቱ ነው። ንጹሕ ውሃ የነካው ምንጣፍ ታጥቦ ይድናል፤ ፍሳሽ የነካው ስፖንጅና ፍራሽ አይድንም፣ ይጣላል፤ ከመጣሉ በፊት ግን በመድን ሰጪው ፈቃድ። ንጹሑም ቢሆን ሁለት ቀን ከቆየ ንጹሕ አይደለም። በረኪና ስትጠቀሙ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የረጠበ ወረቀት ደግሞ የማይታመን መድኃኒት አለው፦ ፍሪዘር። የሒሳብ ሰነዱንና ደረሰኙን አንድ በአንድ ለመለየት ጊዜ ከሌለ በፌስታል ጠቅልሎ ማቀዝቀዝ ሻጋታውን ያቆመዋል፤ በኋላ በእርጋታ ማድረቅ ይቻላል። (መብራት ካልጠፋ።) ደረሰኙ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ወደ በኋላ ይመጣል።

ማን ምኑን አስገብቷል?

“ሕንፃው ኢንሹራንስ አለው” የሚለው ዐረፍተ ነገር ተከራይን ብዙ ጊዜ አታሏል። አለው፤ ግን የሕንፃው ነው። ባለቤቱ ያስገባው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና መስመሩን ነው። ያውም ብዙ ጊዜ በራሱ ተነሳስቶ ሳይሆን ሕንፃውን በመያዣነት የያዘው ባንክ ስላስገደደው ነው፤ ካሳ ሲመጣም ባንኩ ጥቅሙን አስመዝግቧልና ቀድሞ ይታያል። የተከራዩ ጨርቅ፣ መስተዋት፣ ኮምፒውተር እዚያ ውል ውስጥ የለም። በመሃል የሚቀረው ዲኮሩ ነው፦ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ያሠራው ኮርኒስ፣ ወለል፣ መብራት። ባለቤቱ “የኔ አይደለም” ይላል፣ ተከራዩ “ዕቃ አይደለም” ብሎ አላስገባውም። በኪራይ ውሉም በመድን ውሉም በስም ካልተጻፈ ማንም አይከፍልለትም። አንድ ሱቅ ከዕቃው ይልቅ ዲኮሩ የሚበልጥበት ዘመን ላይ ስላለን ይህ ትንሽ ክፍተት አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ የንግድ ቤት ሌላ ጥያቄ አለው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መገልገያዎች የሚተዳደሩት በቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ከፈነዳ ጉዳዩ የማኅበሩ ነው፤ የአራተኛ ፎቅ ሰውዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎማ ከለቀቀ ግን የሰውዬው ነው። ይህንንም የሚለየው ያቺው በፌስታል የተቀመጠችው ቁራጭ ናት።

ጥፋተኛው ጎረቤት ሲሆን ደግሞ እኛ አገር አንድ ነገር ይከሰታል፤ ሽማግሌ ይገባል። መልካም ነው። “ሰው ነው፣ ረስቶ ነው፣ ተዉት” ይባላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ አንዱ ወረቀት ያመጣና “ከእንግዲህ አንዱ በሌላው ላይ ምንም ጥያቄ የለውም” ተብሎ ይፈረማል። እዚህ ላይ ይቆየን በሉ። መድን ሰጪው ለእናንተ ከከፈለ በኋላ በእናንተ ቦታ ተተክቶ ጉዳት ካደረሰው ሰው የከፈለውን ያህል የመጠየቅ መብት አለው፤ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 የሚለው ይህንን ነው። እናንተ ጥያቄውን በፊርማ ከሰረዛችሁት እሱ የሚተካበት ቦታ የለም፤ በዚያው ልክም ከመክፈል ነፃ ሊሆን ይችላል። ታረቁ፣ ተሳሳሙ፣ ቡናውን ጠጡ። ወረቀቱን ግን መድን ሰጪው ሳያየው አትፈርሙ።

ሒሳቡ

የመድን ነገር የሚገዛው አሁንም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ ሕግ የመድኑን ክፍል አልነካውም። አንቀጽ 678 የንብረት መድን ኪሣራ መካሻ ውል መሆኑን ይናገራል፤ ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። አሥር ዓመት ያገለገለ መደርደሪያ የአዲስ ዋጋ አይከፈልበትም። ይህ ሁሉም የሚገምተው ነው። የማይገመተው ተገላቢጦሹ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ያለው ያው ዕቃ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ የብር ዋጋው ተመነደገ። የመድን ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ውሉ በተፈረመበት ቀን እንደተጻፈ ነው። 3 ሚሊዮን ብር ተብሎ የገባ ዕቃ አደጋው ቀን 5 ሚሊዮን ያወጣል እንበል፤ ውሃው ያበላሸው የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ ነው። ባለሱቁ “3 ሚሊዮን አስገብቻለሁ፣ የጠፋብኝ 1 ሚሊዮን ነው፣ ሙሉው ይከፈለኛል” ብሎ ያስባል። አይከፈለውም። ከአምስት እጅ ሦስቱን ስላስገባ ከጉዳቱም ከአምስት እጅ ሦስቱ፣ 600,000 ብር ነው የሚታሰብለት። ለቀሪው እሱ ራሱ እንደ መድን ሰጪ ይቆጠራል። በመድን ሙያ አቨሬጅ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ይቀነሳል፤ ውሉ 5 በመቶ ቢል 30,000 ወርዶ 570,000 ይቀራል። ዓመቱ መሃል ላይ ዋጋ ሲዘል ደውሎ መጠኑን ማሳደግ ይቻላል። የሚጨመረው ዐረቦን ከዚህ ልዩነት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው።

አሁን ደረሰኙ። መድን ሰጪው ሱቁ ውስጥ ይህን ያህል ዕቃ እንደነበረ በምን ያምናል? በግዢ ደረሰኝ፣ በጉምሩክ ሰነድ፣ በዕቃ መዝገብ፣ በሽያጭ ማሽኑ ሪፖርት። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ገበያችን ውስጥ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ወረቀት ግን የለውም። በዚህ ላይ ለገቢዎች የቀረበው የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ብሎ፣ ለመድን የቀረበው አምስት ሚሊዮን ሲል ገምጋሚው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ግን አንድ ሱቅ ሁለት የተለያየ ቆጠራ ሊኖረው አይችልም፣ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ትንሹን መርጦ ያስቀመጠው ራሱ ነው። የዕቃውን መዝገብ በሱቁ ኮምፒውተር ብቻ ማስቀመጥም አደጋ ነው፤ ውሃው ኮምፒውተሩንም አይምርም።

የረጠበ ጨርቅ ሁሉ የጠፋ ጨርቅ አይደለም። ታጥቦ በቅናሽ የሚሸጥ አለ፤ ሳልቬጅ ይባላል። ሁሉንም “ሙሉ በሙሉ ወድሟል” ብሎ ማቅረብ ገምጋሚውን ያስጠረጥረዋል፣ ክርክሩንም ያረዝመዋል። ከዚያ ይልቅ በሦስት ከፍሎ፣ የሚጣል፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ፣ ምንም ያልሆነ ብሎ ከነብዛቱ ዝርዝር ማቅረብ ይሻላል። ዋጋውን ቀድሞ የሚያቀርብ ሰው ድርድሩን ከራሱ ቁጥር ያስጀምረዋል። ለጥገናው ፕሮፎርማ ሲጠየቅም “ኮርኒስ ሥራ” የሚል አንድ መስመር ሳይሆን ካሬ ሜትሩ፣ የዕቃው ዓይነትና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ይቅረብ።

ሱቁ ተዘግቶ የቆየባቸው ሳምንታት ትርፍ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የማይቆመው ኪራይ ለብቻው የሚገዛ የሥራ መቋረጥ መድን ነው። የዕቃው መድን አይሸፍነውም። እሱንም የገዛ ሰው የሚከፈለው መጀመሪያ የንብረቱ ጉዳት በተሸፈነ አደጋ መድረሱ ሲረጋገጥ ነው፤ ያው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰናል።

ወረቀቱ

በስልክ መናገር ለፍጥነት ነው፤ የሚቆጠረው ደብዳቤ ነው። ውላችሁ የማሳወቂያ ጊዜ ይዟል፤ የቀናት ጉዳይ ነውና ዛሬ ፈልጋችሁ አስምሩበት። ደብዳቤውን ስታስገቡ ቀሪው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ይደረግበት። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ መቼ እንዳያችሁት፣ ውሃው ከየት እንደመጣ እስካሁን የምታውቁት፣ ምን እንዳደረጋችሁ። ያላረጋገጣችሁትን “ይመስለናል” በሉ። በመጀመሪያው ቀን “ቧንቧው ድሮም ያንጠባጥብ ነበር” ብሎ የጻፈ ሰው፣ ያንጠባጥብ የነበረው ሌላ ቧንቧ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያን ዐረፍተ ነገር ለማስተባበል ወራት ይፈጅበታል።

ክፍያው ሲደርስ የሚፈረም ወረቀት አለ፤ “ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም” የሚል። ስላቡ ገና እያንጠባጠበ፣ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ ይህን መፈረም አይገባም። ገንዘቡ ካስቸኮላችሁ፣ ያስቸኩላል፣ በተስማማችሁበት ልክ ከፊል ክፍያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቀረው ክፍት ይሁን።

ካልተስማማችሁ መጀመሪያ ድርጅቱ ለምን እንደከለከለና የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሰ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አድርጉ። ብዙ ውሎች የመጠን ክርክር በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ያዛሉ፤ መድን ሰጪዎቹን የሚቆጣጠረውም ብሔራዊ ባንክ ነው። ፍርድ ቤት ግን ቀን ይቆጥራል። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ የሚቆጠረውም አደጋው ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ቀን እንጂ የመጨረሻው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን አይደለም። “እያየነው ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት” የሚል የስልክ መልስ ሁለት ዓመቱን አያስቆመውም፤ ስለዚህ ጠበቃ የሚጠየቀው ሃያ ሦስተኛው ወር ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው የእምቢታ ደብዳቤ የደረሰ ሳምንት ነው።